«ኤርፖርት ላይ እናስራችኋለን»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ የቡሬ ልጅ ነኝ። አሁን ባሕር ዳር አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። እንግሊዝኛዬ ከክፍል ትምህርት ያለፈ አይደለም። ከሁለት ወር በፊት ሁለት እንግዶች «ጠዋት በ9 ከአውሮፕላን ማረፊያ ፒክ አፕ ታደርጉናላችሁ ወይ?» ብለው ጻፉልኝ። እኔ ፒካፕ መኪና የፈለጉ መስሎኝ ደብል ጋቢና ተከራይቼ ላክሁ። መኪናው በሰዓቱ ደረሰ። እንግዶቹ ግን አንዳንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነበር የያዙት። የኪራዩ ገንዘብ ከደመወዜ ተቆረጠ። እልህ ይዞኝ የፒክ አፕን ትርጉሞችና ተመሳሳይ ቃላት ከነዝርዝራቸው ሸመደድኩ። ኮሌክት፣ ሊፍት፣ ለርን፣ ባይ፣ ኢምፕሩቭ፣ አሬስት። ለቀጣዮቹ እንግዶች ከፍ ያለ ቃል ልጠቀም ብዬ «ዊ ዊል አሬስት ዩ አት ዘ ኤርፖርት» ብዬ ጻፍኩ። «ጠበቃ ይዘን እንምጣ?» ብለው መለሱልኝ። ይባስ ብለው ሲሄዱ በአስተያየት መዝገባችን ላይ «ዘ ሰርቪስ ወዝ ስሎው አት ፈርስት፣ በት ኢት ፒክድ አፕ» ብለው ጻፉ። ባለቤቱ «አገልግሎቱ ተነሳ ማለት ምን ማለት ነው? ሰደቡን እንዴ?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ጋሼ፣ አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል? እኔስ ሁሉንም እንዴት ልያዘው?

ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ ግራ የገባህ፣

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። «ጠበቃ ይዘን እንምጣ» የሚለው ላይ ስደርስ ሻዬ አፍንጫዬ ገባ። በአንተ አይደለም የሳቅሁት። እኔም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ስለማውቅ ነው።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ያኔ ገና ወጣት አስተማሪ ነኝ። አንዲት የውጭ አገር ሴት መንገድ ጠየቀችኝና አሳየኋት። ገርሟት «እንግሊዝኛህን የት ፒክ አፕ አደረግከው?» አለችኝ። እኔ በክፍል ውስጥ «ፒክ አፕ ማለት ከመሬት አነሳ ማለት ነው» እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። ከመሬት ያነሳሁት፣ ሰው የጣለው እንግሊዝኛ መሰለኝ። ኮራ ብዬ «አላነሳሁትም፤ አስተማሪዬ ነው የሰጠኝ» አልኳት። ሴትየዋ ምን እንደምትል ጠፋት። እንዲሁ እየሄዱ፣ እየሰሙ መልመድን ነበር የጠየቀችኝ። ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለዚህ አይዞህ። ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ይህንኑ ጉዳይ አንስቷል። ግሱ ከኋላው ትንሽ ቃል ሲከተለው ትርጉሙ እንደሚለወጥና የውጭ ሰው ከሁሉ በላይ የሚቸገረው በዚህ እንደሆነ ጽፏል። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ያመኑት ችግር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። «አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል?» ብለሃል። ልጄ፣ አንተ የምትናገረው ምን ሆነና? ያንተው «አነሳ» ስንት ነገር ይሸከማል?

ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፍህ ከተነሳህ ጀምሮ ቁጠረው። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳኸው። ልጅ አለቀሰ፣ እናቱን «አንሺው እንጂ» አሏት። ምሳ ተበላ፣ ማዕዱ ተነሳ። ስብሰባ ላይ አንዱ ጥያቄ አነሳ። ጎረቤትህ ክርስትና እንድታነሳለት ለመነህ። እንግዶችህ ጣና ዳር ፎቶ አንሳን አሉህ። ከሰዓት ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሳ። ስምህ በክፉ ተነሳ። ባለፈው ዓመት ከስሮ የነበረው ነጋዴ ዘንድሮ ከወደቀበት ተነሳ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ ሸምድደሃል? ማንም ዝርዝር አልሰጠህም። «ክርስትና» የሚለውን ስትሰማ ፎቶ አይመጣብህም። «ስልክ» ሲባል ከመሬት የወደቀ ነገር አትፈልግም። ለምን? ከ«አነሳ» ጎን ማን እንደተቀመጠ ስለምታይ ነው።

ፒክ አፕም ያው ነው። እንዲያውም ስልኩን፣ ልጁን፣ ነፋሱንና የወደቀውን ነጋዴ ሁሉ በእንግሊዝኛም ፒክ አፕ ልትልባቸው ትችላለህ። ፎቶውንና ክርስትናውን ግን አይነካም። እነዚያ የእኛ ብቻ ናቸው።

«ለምን ሁለት ቃል ሆነ?» የሚሉ ተማሪዎች ነበሩኝ። ፒክ ለብቻው ለቀመ ወይም መረጠ፣ አፕ ለብቻው ወደ ላይ፤ ታዲያ «ወደ ላይ ለቀመ» እንዴት «ጉንፋን ያዘው» ይሆናል ይሉኛል። እኔም «ዝም አለ» እላቸዋለሁ። ዝም ያለ ሰው ምን አለ? ምንም አላለም! ይኸው «አለ» እንላለን። ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ቀጥ አለ፣ ከፍ አለ። ሁለት ቃል ናቸው፤ የሚኖሩት ግን እንደ ባልና ሚስት በአንድ ጎጆ ነው። ለየብቻ ብትጠይቃቸው የቤታቸውን ነገር አይነግሩህም።

ደግሞ የጎጃም ልጅ ሆነህ በዚህ መደንገጥህ ትንሽ አሳፍሮኛል (በቀልድ ነው)። ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ነው እኮ። የቅኔ ተማሪ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ሲያገኘው፣ ኅብር ነው ብሎ ይፈነድቃል እንጂ አያማርርም። ያንተ ፒካፕ መኪናም ጥሩ ኅብር ነበር። ሰሙን ይዘህ ወርቁን ሳታየው ቀረህ። ዕዳው ከደመወዝህ መሆኑ ነው የከፋው።

እንግዲህ ዝርዝሩን ጣለውና ከእኔ ጋር አንድ አውቶቡስ ተሳፈር። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የምንመጣበት ነው። መንገዱን ታውቀዋለህ።

ሹፌሩ ገና ከከተማ ሳይወጣ ጥግ እየያዘ ሰው ይጭናል። ፒክ አፕ። ጎሐ ጽዮን ላይ ቆም ሲል በመስኮት አንድ ስኒ ቆሎ ትገዛለህ። ይህም ፒክ አፕ ነው፤ ነገር ግን ልብ በል፣ ለመግዛት ብለህ ከቤት የወጣህለት ነገር አይደለም። በሬ ለመግዛት ገበያ የወረደ ሰው ፒክ አፕ አደረገ አይባልም። እግረ መንገድህን የምታነሳት ትንሽ ነገር ናት። ዝርዝርህ «ባይ» ብሎ ሲያልፍ ይህችን ነገር አልነገረህም።

ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳለህ። ሙቀቱ ይቀበልሃል። ሬዲዮው መንሿሿት ይጀምርና ድምፁ ይጠፋል። ምንም ፒክ አፕ አያደርግም፣ ሞገድ አይዝም ማለት ነው። ከሕዳሴ ድልድይ በኋላ የደጀን ዳገት አለ። አውቶቡሱ እያቃሰተ ይወጣል፤ የእግር መንገደኛ የሚቀድመው ይመስላል። ደጀን ሜዳው ላይ ብቅ ሲል ግን ፒክስ አፕ ስፒድ። ፍጥነት ጨመረ። ሬዲዮውም ነፍስ ይዘራል። ነፋሱም እዚያ ላይ ጉልበት ያገኛል፤ ዊንድ ፒክስ አፕ። ከቆላው ወበቅ ወጥተህ መስኮት ከፍተህ በዚያ ነፋስ ከተመታህ ማርቆስ ስትደርስ ያስነጥስሃል። ጉንፋኑን መንገድ ላይ ፒክ አፕ አደረግከው።

ከጎንህ የተቀመጡ አንድ አባወራ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወሩህ በረሃው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ደጀን ላይ ነቅተው፣ አፋቸውን ጠረግ አድርገው፣ «እና ነጋዴው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?» አሉህ። ከሁለት ሰዓት በፊት ካቆሙበት ቃል ነው የቀጠሉት። ይህንን እንግሊዝኛው «ፒክ አፕ ዌር ዩ ሌፍት ኦፍ» ይለዋል። እኚህን ሰው ካስታወስክ ይህን ትርጉም መቼም አትረሳውም። ምሳ ላይ ሒሳቡን እሳቸው ከከፈሉልህ ደግሞ ሒሳቡን ፒክ አፕ አደረጉት። «ኧረ እኔ ልክፈል» ብለህ መታገልህ አይቀርም። ለዚያ ትግል እንግሊዝኛው የእኛን ያህል ቃል ያለው አይመስለኝም። በመጨረሻ መናኸሪያው ላይ ወንድምህ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሊወስድህ መጥቷል። ይኸውልህ፣ ያንተ ሁለት እንግዶች የጠየቁህ ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ግን ላመሰግንህ። «በ9» የሚለውን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብለህ መያዝህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ስህተት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የቆመ ሰው አውቃለሁ። እንግዳው በባጃጅ ሄዶ ምሳውን ጨርሶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ እንምጣ። ተመሳሳይ ቃላት።

አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛ ይማራል እንበል። «ያዘ» የሚለውን ቃል አጠና። ዝርዝሩም ለ«ያዘ» ተመሳሳይ ቃል «በቁጥጥር ስር አዋለ» ነው አለው። እውነት ነው፤ ፖሊስ ሌባ ሲይዝ በዜና እንደዚያ ይባላል። ሰውየውም ከፍ ያለ አማርኛ ልናገር ብሎ በማግስቱ ቢሮ ገባና «ዛሬ ታክሲ በቁጥጥር ስር አውዬ መጣሁ፤ ትናንት ማታ ጉንፋን በቁጥጥር ስር አውሎኝ ነበር» አለ። ያንተ «አሬስት» ይህ ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪን ፒክ አፕ ሲያደርገው አሬስት ትክክል ነው። እንግዳ ተቀባይ እንግዳውን ፒክ አፕ ሲያደርገው ግን ሌላ ቤት ነው።

ፒክ አፕ ብቻውን ተመሳሳይ ቃል የለውም። ተመሳሳይ ቃል ያለው «እንግዳ ፒክ አፕ አደረገ» ለሚለው ነው። ለእሱ ሚት ወይም ኮሌክት ይሆናል። እንግሊዞች ሰው ከኤርፖርት ሲወስዱ ኮሌክት ማለት ይወዳሉ፤ ለአሜሪካኖች ግን ኮሌክት ከሰው ይልቅ ለዕቃ ቢሆን ይቀላቸዋል። ለ«ጉንፋን ፒክ አፕ አደረገ» ካች ነው። ሐኪም ሲጽፈው ኮንትራክት ይለዋል። ለሬዲዮው ሪሲቭ። ለአባወራው ወሬ ሪዙም። ለቋንቋው ለርን ትላለህ፤ ነገር ግን ለርን ስትል ክፍልና ፈተና ይሸታል፣ ፒክ አፕ ግን ገበያና ጎዳና ይሸታል። ለዚህ ነው ያቺ ሴትዮ ለርን ያላለችኝ። ሌሎቹንም እንዲሁ ከጎረቤታቸው ጋር ጠይቃቸው።

«ከፍ ያለ ቃል ልጠቀም» ያልከው ነገር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ለብዙ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ሰው የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑና ምሁሩ ላቲን ይጽፋል። ባላገሩ በራሱ እንግሊዝኛ ቀረ። ኮሌክት፣ ሪዙም፣ አሬስት የሚባሉት በዚያ በላቲንና በፈረንሳይኛው በር የገቡ ናቸው። ለዚህ ነው ዛሬም የቢሮ ሽታ ያላቸው። ፒክ አፕን የመሰሉት ደግሞ የቤትና የደጅ ቃላት ሆነው ቆዩ። እኛም «ዕቃውን ወሰድኩ» እና «ንብረቱን ተረክቤያለሁ» እንላለን። ሁለተኛውን ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ። ለእናትህ ስልክ ደውለህ «የላክሽውን ቅቤ ተረክቤያለሁ» ብትል ግን ልጄ አመመው ወይ ትላለች።

እንግዶችህ በቤት ቋንቋ ነው የጻፉልህ። በቤት ቋንቋ መልስላቸው። «ዊ ዊል ፒክ ዩ አፕ አት ናይን» በቂና ጨዋ ነው። ቃላቸውን መልሰህ ለራሳቸው ስትሰጣቸው ነውር የለበትም።

ካነሳነው አይቀር፣ «ፒክ ዩ አፕ» ያልኩትን እየው። «ዩ» መሐል ገብቷል። «ፒክ አፕ ዩ» አይባልም። ስም ሲሆን ግን ወዲህም ወዲያም ይቀመጣል፤ እንግዶቹን ከመሐልም ከኋላም ልታደርጋቸው ትችላለህ። እኛም እኮ «ብድግ አደረገው» እንላለን፤ «ው»ን የት እንደምንለጥፍ ማንም ሳይነግረን። ሌላው ድምፅ ነው። መኪናው ሲሆን ጫናው «ፒክ» ላይ ያርፋል፤ ግሱ ሲሆን «አፕ» ላይ። በጽሑፍ ይህ አይሰማምና ለመኪናው ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ሰረዝ ታያለህ ወይም አንድ ላይ ተጣብቆ ይጻፋል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አትተማመን። እንግዳን ተቀብሎ ማምጣት ራሱ በስምነት «ኤርፖርት ፒክአፕ» ይባላል፣ የመኪናው ዓይነት ምንም ቢሆን።

አንዲት ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ወጣት ስለሆንክ። ወንድ ሴትን፣ ሴት ወንድን ቡና ቤት ውስጥ ፒክ አፕ አደረገ ከተባለ ጉዳዩ ትራንስፖርት አይደለም። ማሽኮርመምና ይዞ መሄድ ነው። «እህቴን ከመናኸሪያ ፒክ አፕ አደረግኋት» ስትል ማንም ቅር አይለውም። «ትናንት ማታ ባር ውስጥ አንዲት እንግዳችንን ፒክ አፕ አደረግኋት» ካልክ ግን ባለቤቱ ከደመወዝህ የሚቆርጠው ነገር አያገኝም፤ ከሥራ ያሰናብትሃል እንጂ።

«ሁሉንም እንዴት ልያዘው» ላልከው፣ ደብተር ግዛ። አንድ ገጽ ለአንድ ግስ። ትርጉም አትጻፍበት። ዴስክህ ላይ ሆነህ ያየኸውን ጻፍበት፤ ማን ምንን ፒክ አፕ እንዳደረገ። የልብስ አጣቢዋ አንሶላ፣ የዋይፋዩ ሞገድ፣ የሰኞው ዘገምተኛ ገበያ ቅዳሜ ሲደምቅ። በሳምንት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃሃል። እንግዳ ሲናገር የሰማኸውን ቃል በቃል ብትቀዳ ደግሞ ከእኔ ምሳሌ ይሻላል። እኔ የማርቆስ ሽማግሌ ነኝ፣ የአውቶቡስ ምሳሌ ነው የሚመጣልኝ።

ባለቤቱን የሚያስቆጣው የአስተያየት መዝገብ ቀረ። ጎኑን ተመልከት። ማን ነው ፒክድ አፕ ያደረገው? አገልግሎቱ ራሱ። ያነሳው ሰው የለም፣ የተነሳም ዕቃ የለም። አገልግሎት፣ ገበያ፣ ንግድ ብቻቸውን ፒክ አፕ ሲያደርጉ ተነቃቁ፣ ተሻሻሉ ማለት ነው። ዝርዝርህ ላይ ኢምፕሩቭ ያለው ይህንን ነበር። ስለዚህ እንግዶቹ የጻፉት «አገልግሎቱ መጀመሪያ ላይ ቀርፈፍ ያለ ነበር፣ በኋላ ግን እየተሻሻለ መጣ» ነው። እናስራችኋለን ያላቸውን ሰው እንዲህ ብለው ከጻፉለት፣ ደግ ሰዎች ናቸው።

ነገ ጠዋት መዝገቡን ይዘህ ባለቤቱ ዘንድ ግባና ከመጨረሻው ጀምረህ አንብብለት። ፒክድ አፕን እኔ ፈትቼልሃለሁ። «ስሎው» የምትለዋን ቃል እንዴት እንደምታስረዳው ግን አንተው አስብበት።